የመካከሉ ድንጋይ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ከቢሮ ይዤ የወጣሁት ሦስት ነገር ነው፤ አንድ የምስክር ወረቀት፣ አንድ ጋቢና አንድ ገመድ። የምስክር ወረቀቱን ባለቤቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ጋቢው ለቆሰበር ብርድ በዚያው ምሽት ሥራ ጀመረ። ገመዱን ግን ማንም አልሸለመኝም፤ ራሴ ነኝ የጠየቅሁት። ዛሬ ወጣቶቹ ባለሙያዎች መሬት የሚለኩት በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ስለሆነ፣ ገመዱ መጋዘን ውስጥ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተጥሎ አቧራ ለብሶ ነበር። የንብረት ክፍሏ ልጅ፦

"ጋሼ፣ ይሄን ምን ሊያደርጉት ነው? ፍየል ሊያስሩበት?" ብላ ሳቀችብኝ።

"የራሴን መሬት ልለካበት" አልኳት። የምሬን ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው መሬት ስለካ ኖሬያለሁ። መሬት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። "እባክዎ፣ ጉልበት ላላቸው ልጆችዎ ይልቀቁ" እያልኩ ስንቱን ሽማግሌ ለምኜያለሁ፤ አንዳንዱንም ተቆጥቻለሁ። በልቤ ግን የራሴ ምኞት ነበረኝ። ጡረታ ስወጣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለውን የአባቴን መሬት ግማሽ ከወንድሜ ልጅ እረከባለሁ፣ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት እሠራለሁ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ገብሴን እያየሁ አረጃለሁ እል ነበር። ያንን መሬት በየስብሰባው አሰልቺ ንግግር መካከል ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንዳረስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራ የጀመርኩት ግምጃ ቤት በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ የገመድ ጭራ ያዥ ሆኜ ነው። የመለኪያ ገመድ ራስና ጭራ አለው። ራሱን የያዘው ከፊት እየመራ ይሄዳል፤ ጭራውን የያዘው ምልክቱ ላይ ቆሞ "ያዝ!" ሲሉት ይይዛል፣ "ልቀቅ!" ሲሉት ይለቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዚህ መቀጠሬ ክብሬን ነክቶት ነበር። ደመወዙም ቢሆን ስለ ክብር የሚያስወራ አልነበረም።

አለቃዬ ጋሽ አለኸኝ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካኪ ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ከገበሬው ጋር በአገውኛ ይጫወታሉ፤ መዝገቡን በአማርኛ ይጽፋሉ፤ እኔን በሁለቱም ይቆጡኛል። ጤዛ ሳይረግፍ ገመድ አያስዘረጉም፤ የረጠበ ገመድ ልኩ ይለወጣልና። ተዳፋት ላይ ገመዱን መሬት ላይ ካስተኛሁት "ዳገቱን አይደለም የምንለካው፣ አንሳው!" ብለው ይጮኻሉ። ገመዱ ቀጥ ብሎ በአየር ላይ እስኪወጠር ድረስ እጄን ከራሴ በላይ ዘርግቼ እቆም ነበር። መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዚያ ድንበርተኞቹን ሰብስበው፣ ከካፖርታቸው ኪስ የባቄላ ቆሎ አውጥተው እያካፈሉ ይጠይቃሉ፤ ቀለም የሚያስገቡት በማግስቱ ነው። "ሰው ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር ትዝ የሚለው ነገር አለ" ይሉ ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው ግን አንዱ ልማዳቸውን ነው። መሬት የሚተላለፍ ከሆነ የገመዱን ራስ የሚያስይዙት ለሚረከበው ሰው ነበር። ድንበሩን እየመራ ይዞራል። አባት ዝም፣ ጎረቤት ዝም። ተረካቢው የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ የትኛው ቦይ የእሱ እንደሆነ፣ የትኛው ዛፍ የጎረቤት እንደሆነ ራሱ ማሳየት አለበት። መመሪያ ላይ ያልተጻፈ፣ የእሳቸው ብቻ ሕግ ነበር።

አንድ ቀን ከከተማ በአዲስ ጫማ የመጣ ወጣት የአባቱን መሬት ሊረከብ ገመዱን ያዘ። ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ አባቱ ዞሮ ዓይን ዓይናቸውን ያያል። ጋሽ አለኸኝ መዝገባቸውን አጠፉት።

"ምን ሆነ?" አለ ልጁ።

"ምንም አልሆነም። ዘንድሮ ክረምቱን ከአባትህ ጋር እረስ። መስከረም ላይ እንመጣለን።"

"እኔ እኮ ልጁ ነኝ!"

"ልጅነትህን ማን ካደህ? መሬቱ ነው ያላወቀህ" አሉትና ቆሏቸውን እየቆረጠሙ መንገድ ጀመሩ። ልጁ መስከረም ላይ አልመጣም። አብራ ስታርም የከረመችው እህቱ መጣች፤ ገመዱን ይዛ አንዴም ሳትቆም ዞረች።

በዚያው ዓመት አባቴ ሞተ። ሙያ ተምሬያለሁ ብዬ ገመድ ተውሼ ዘንገና ወጣሁና ከታላቅ ወንድሜ ከእንየው ጋር መሬቱን እኩል ለሁለት ከፈልነው። ጭራውን ያስያዝኩት እሱን ነበር።

"በእኔ ላይ ልትለማመድ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ከሐይቁ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለሁለት ተሸክመን፣ እያረፍን አምጥተን መካከል ላይ ተከልነው። ድንጋዩን ከተከልኩ በኋላ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የእኔንም የራሱንም ግማሽ ሲያርስ የኖረው እንየው ነው። በኋላ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ሲመጣም የሁለታችን ስም ተጻፈበት።

ጋሽ አለኸኝ ጡረታ ሲወጡ እኔ ወደ ቆሰበር ተዛወርኩ፤ ራሴን የቻልኩ ባለሙያም ሆንኩ። አዲሱ አለቃዬ በሥራ የሚያምን፣ ክፋት የሌለው ሰው ነበር። የሚያውቀው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ "ስንት ደረሰ?" ማለዳ ሲያገኘኝ ስንት ደረሰ? ምሳ ላይ ስንት ደረሰ? እኔም ሪፖርቴ እንዲያምርልኝ የጋሽ አለኸኝን ልማዶች አንድ በአንድ ጣልኩ። መጀመሪያ ቆሎው ቀረ፤ ቀጥሎ መዝገቡን ለማግስቱ ማሳደሩ። በመጨረሻ የገመዱን ራስ ለተረካቢው ማስያዙ ቀረ።

አያ ጫኔ የሚባሉ ሽማግሌ መሬታቸውን በሕይወት እያሉ ለልጆቻቸው በስጦታ ሊያስተላልፉ የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አላቸው። ወንዶቹ ከተማ ናቸው፤ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ አስተማሪ። አብራቸው የቀረችው የዝና የምትባለው ሴት ልጃቸው ነበረች። ዘሩንም አረሙንም ቦዩንም የያዘችው እሷ ነች።

"እኩል አድርግልኝ፣ ልጄ። ሌላ ነገር አልፈልግም" አሉኝ አያ ጫኔ።

መሬቱ ተዳፋት ነው። ከላይ ቀይ አፈር፣ ከመካከል ለም፣ ከታች ረግረግ። ለሁሉም ከሁሉም እንዲደርሳቸው ብዬ ከላይ እስከ ታች በቁመቱ ሦስት ቦታ ቀደድኩት። ቆንጆ አድርጌ ለካሁት። ገመዱን በአየር ላይ ወጥሬ፣ ጤዛው እስኪረግፍ ጠብቄ፣ እንደተማርኩት። የመካከሉ ለየዝና ደረሰ። ስንጨርስ የዝና እጇ ላይ ያለውን አረም ሳትጥል ቀረብ አለችኝና፦

"ጋሼ፣ በሬው የት ይዞራል?" አለችኝ።

በሬ አግድም አርሶ ጫፍ ላይ ሲደርስ መዞሪያ ይፈልጋል። እኔ የሰጠኋት ቁራጭ ወርዱ የአንድ ቤት ጓሮ ያህል ነበር። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። ግን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሦስት ቤት ይጠብቀኝ ነበር።

"ከወንድሞችሽ ጋር ተስማምታችሁ በነሱ በኩል ታዞሪያለሽ" አልኳትና አስፈረምኳቸው።

ወንድሞቿ በሁለተኛው ዓመት ግራና ቀኙን ዲከረንስ ተከሉበት። ለከሰል የሚተከል፣ ቶሎ የሚደርስ፣ ገበሬ ሳይኖር የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ከተማ ላለ ሰው ይመቻል። የዝና ከሁለት የዛፍ ግንብ መካከል ቀረች። አግድም ማረስ ስላልቻለች ቁልቁል አሳረሰች። ቁልቁል የታረሰ መሬት በእኛ አገር ዝናብ ምን እንደሚሆን ሕፃንም ያውቃል፤ ትልሙ ቦይ ሆነ፣ ቦዩ ገደል ሆነ፣ ለሙ አፈር ረግረጉ ውስጥ ገባ። እሷም በመጨረሻ ዛፍ ተክላ ቤቷን ዘግታ ሄደች።

ይህን ያየሁት ከዓመታት በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ ነው። አያ ጫኔ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊት ለፊታቸው ዛፍ ብቻ ነው፤ እሸት የለ፣ ክምር የለ፣ ሰው የለ። ይቅርታ ልላቸው ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

"አንተ ምን አጠፋህ? በትክክል ነው የለካኸው። አንድ ስንዝር አልተሳሳትክም" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን እስከ ቆሰበር በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ ያገኘሁትን መኪና ሁሉ አሳለፍኩ።

ዳንግላ ስመደብ የዝናን አገኘኋት። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፍታ ነበር። አወቀችኝ። ሻዬን አስቀመጠችልኝና "እዚህ በሬ የለብኝም፣ ጋሼ" አለችኝ። ነገሩን በክፋት አልተናገረችውም። እኔ ግን ያን ሻይ መጨረስ አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲያ እልህ ያዘኝ። "በሬው የት ይዞራል?" ብዬ ሳልጠይቅ ብዕር አላነሳም ብዬ ማልኩ፤ አላነሳሁምም። ቆሎውም ማሳደሩም ተመለሱ። የገመዱ ራስ እንደገና በተረካቢው እጅ ገባ። ወንድምና እህት ለመከፋፈል ሲመጡ "መሬቱ ላይ ማነው ያለው? ማነውስ የሚቀረው?" እያልኩ ስጨቀጭቃቸው እውላለሁ። አንድ ቤት አምስት ልጆች ነበሩ። ከሁለት ክረምት ክርክር በኋላ መሬቱ ሳይቆረጥ ለትንሿ እንዲሆን፣ ቤቱንና ከብቱን ሌሎቹ እንዲካፈሉ፣ እሷም እናታቸውን እንድትጦር ተስማሙ። የዳንግላው አለቃዬ ግን "አንተ መዝጋቢ ነህ እንጂ ሽማግሌ አይደለህም" ብሎ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ደብዳቤው በኋላ ወደ ቆሰበር ተመልሼ ጡረታ ስወጣም ከእኔ ጋር ነበር፤ አሁንም አለኝ። ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ እሱን ብሰቅለው ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ ነኝ ባለፈው ሐምሌ ገመዴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ዘንገና የወጣሁት።

እንየው ካረፈ ቆይቷል። መሬቱን የያዘችው ልጁ ይታይሽ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካላት ሲቀር ጓደኞቿ አንዷ አዲስ አበባ፣ ሌላዋ ዐረብ አገር ሲሄዱ እሷ ወደ አባቷ ተመለሰች። አባቷ የተከለው ዲከረንስ በሽታ ገብቶበት ሲደርቅ ጉቶውን ነቅላ ድንች ዘራችበት። በሬ ጠምዶ ለሚያርስላት ቤት እሷ አረም ታርማለች፣ ድንች ታወጣለች፤ ጉልበት በጉልበት ይለዋወጣሉ። የዘር ድንቹን ለብቻው በተሠራ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ዘርግታ ታበቅላለች። ማክሰኞም ቅዳሜም ፈረሷን ጭና ቆሰበር ስትገባ አያታለሁ፤ ቤት ሳትገባ፣ ቡና ጠጪ ስንላት "ፈረሱ ቆሟል" ብላ ትሮጣለች።

ነገሩን ሳላሽሞነሙን ነገርኳት። ግማሹን ልረከብ መጥቻለሁ፣ ቤት ልሠራ ነው፣ አልኳት። ጎንበስ ብላ እግሯ ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት ስትፍቅ ቆየች።

"የእርስዎ ነው፣ አጎቴ። ምን እላለሁ" አለች። ቀጥላም "ድንቹ እስኪወጣ ብቻ ይታገሱኝ።"

"እስኪወጣማ እታገሳለሁ። ዛሬ ልለካው ብቻ ነው።"

ጭራውን ለእሷ ሰጠሁ። ራሱን እኔ ያዝኩ፤ በጋሽ አለኸኝ ሕግ ተረካቢው እኔ ነኛ። ከላይኛው ማዕዘን ተነስቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ በቦዩ ጠርዝ መራሁ። ሩብ ያህል እንደሄድኩ ከወዲያ በኩል ሳቅ ሰማሁ። ጎረቤታችን አያ ዓለሙ ገብሳቸው ውስጥ ቆመው መቆፈሪያቸውን ተደግፈዋል።

"ኧረ አንተ ሰው! የእኔን ገብስ ለማን ልትሰጠው ነው?"

ቆምኩ። ቀኝና ግራዬን አየሁ። የምሄድበትን አላውቀውም።

"አጎቴ፣ ቦዩን አባቴ አዙሮታል" አለች ይታይሽ ከኋላዬ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አያ ዓለሙ እንዳይሰሙ። "ድንበሩ ከኮሶው ዛፍ ወደ ታች ነው።"

ወደ ኮሶው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ወዴት? አሁንም ቆምኩ። ዞሬ ዓይን ዓይኗን አየሁ። ያ አዲስ ጫማ ያደረገው ልጅ አባቱን ሲያይ ልክ እንደዚህ ነበር። ጋሽ አለኸኝ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እዚያ ቢኖሩ መዝገባቸውን አጥፈው ይሄዱ ነበር።

ገመዱን ለቅቄ ወደ መካከሉ ድንጋይ ሄድኩ። ድንጋዩ እንዳለ ነው። ከድንጋዩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ክንድ የሚሆን ሣር ሳይታረስ፣ ቀጥ ብሎ እንደ መቀነት ተዘርግቷል።

"አባትሽ ይሄን ለምን አላረሰውም? የሁለታችንንም የሚያርሰው እሱ አልነበር?"

"'የወንድሜ ድንበር ነው፤ መጥቶ ሲያየው እንዳይጠፋበት' ይል ነበር። እኔም እንደሱ ተውኩት።"

ወንድሜ ያን ሁሉ ዓመት፣ በየክረምቱ፣ እዚያ ሲደርስ ሞፈሩን አንስቶ እያሳለፈ ሣሩን ጠብቆልኛል። እኔ ደግሞ የመሬቱን ማዕዘን እንኳ አላውቅም። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ዓይኔን ጠርጌ ሣሩን ከላይ እስከ ታች ተመለከትኩ። ከላይ ቀይ አፈር፣ ከታች ረግረግ። በልጅነት ጉራ የቀደድኩት የአባቴ መሬት የአያ ጫኔ መሬት ታናሽ ወንድም ነው። ግማሹን ወስጄ ቤት ስሠራበት ለዚህች ልጅ የሚቀራት ጠባብ ቁልቁለት ነው።

"በሬው የት ይዞራል?" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ለራሴ ነበር።

"እኔም እሱን ልጠይቅዎ ነበር፣ አጎቴ" አለች ይታይሽ። "ፈራሁ።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽማግሌዎች ለምን አይለቁም እያልኩ ስበሳጭ ኖሬ፣ መልቀቅ ምን ያህል እንደሚያም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቤቱን በሐሳቤ ሠርቼ ጨርሼ ነበር፤ የበረንዳውን ወንበር ሳይቀር መርጫለሁ። ቆሰበር ስገባ ለባለቤቴ የወሰንኩትን ነገርኳት። "ሠላሳ ዓመት ያወራኸው ቤትስ?" አለችኝ። "ወሬ ሆኖ ይቀራል" አልኳት። ልጆቼ ከተማ ናቸው፤ ትልቁ በስልክ ትንሽ አጉረመረመ። "ና፣ ገመዱን ይዘህ ድንበሩን አዙረኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን" ስለው "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ብሎ ዘጋው።

ድንቹ ከወጣ በኋላ ግማሼን ለይታይሽ በስጦታ ላስተላልፍ ቆሰበር ወዳለው የቀድሞ ቢሮዬ ሄድኩ። እኔን የተካው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አየና "ጋሼ፣ ካርታው ላይ ሁሉም አለ። መሬቱ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም" አለኝ።

"እኔ አስፈልጎኛል። ተነሳ፣ ባጃጁን እኔ እከፍላለሁ።"

የገመዱን ራስ ለይታይሽ ሰጠኋት። ጭራውን እኔ ያዝኩ፤ ሥራ በጀመርኩበት ቦታ። ከላይኛው ማዕዘን ተነሳች፤ በኮሶው ታጠፈች፤ በአያ ዓለሙ ድንበር ስትወርድ እሳቸው ዛሬ አልሳቁም፣ ኮፍያቸውን አነሱላት፤ ረግረጉ ጠርዝ ላይ ለውኃ የተወችውን ክፍተት አሳየች። አንዴም አልቆመችም። "ያዙ፣ አጎቴ!" ስትለኝ እይዛለሁ፤ "ይልቀቁ!" ስትለኝ እለቃለሁ። የቢሮው ልጅ መሣሪያው ከእርምጃዋ ጋር ሲገጥም እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ስንጨርስ ከኪሴ የባቄላ ቆሎ አወጣሁና ለሁሉም አካፈልኩ። ፊርማው በማግስቱ ይሆናል ስለው ያ ልጅ ያበድኩ መሰለው።

በማግስቱ ፈርሜ ዶማ ይዤ ተመለስኩ። የመካከሉን ድንጋይ ራሴ ቆፍሬ ነቀልኩት፤ የተከልኩት እኔ ነኝና። ይታይሽ በዚያኛው ጫፍ ያዘችልኝ። ወንድሜና እኔ እያረፍን ያመጣነውን ድንጋይ እሷና እኔ እያረፍን ከማሳው አወጣነው።

"የት እናድርገው?" አልኳት። ከእንግዲህ ወዲያ በዚያ መሬት የምትታዘዘኝ ሳትሆን የምታዘኝ እሷ ናት።

ዞር ዞር ብላ አየች። "ከኮሶው ሥር" አለች። "ሲመጡ ይቀመጡበታል።"

ከአባቴ መሬት የደረሰኝ ይህ ነው። ባለፈው ሰኞ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ሁለት በሬ ከኮሶው ተነስቶ የሣሩን መቀነት ተሻግሮ፣ አግድም እስከ ማዶው ጫፍ ሄደና እዚያ ሰፊ ቦታ ላይ ዞሮ ወደ እኔ ተመለሰ።